ኅዳግ

በግሪምስቢ ወደብ፣ የዓሣ ሽታ በማይለቀው ሰፈር፣
የቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማሞቂያው በስተዳር፣
ሥራዬ መመዘን ነው።
ጀርባቸው የወፈረ፣ ዋጋቸው የናረ፣
የሮክ መዝገቦችን፤ ማን ሞተ፣ ማን ኖረ፣ ማን ከማን ዘመረ፣
ብለው ከሀ እስከ ፐ የደረደሩትን፣
ከመደርደሪያ የሚቆየውን፣ ምድር ቤት የሚወርደውን።

ዘዴዬ አንዲት ናት።
መጽሐፍ ስቀበል መቅድሙን አላነብ፣
የሽፋኑ ጊታር አያጓጓኝ፣ ምስጋናው አይስብ፤
የማውቃትን አንዲት ነገር፣ እሷን ብቻ እፈልጋለሁ፤
እሷን ከሳተ፣ የማላውቀውን እንዴት አምነዋለሁ?

ኬልቪን ሃግቢ፤ የ«ዛጉ መልሕቆች» ባንድ ከበሮ፣
ከዓሣ ማጨሻው ጀርባ፣ ከኛ ሦስተኛው ቤት የነበረው ኑሮ።
ዱላ ቢያጣ በሹካ ጠረጴዛ የሚደልቅ፣
እናቱ መረብ ስትሰፋ፣ በመርፌዋ ምት የሚስቅ።

አንደኛው መዝገብ «ኬቪን» ይለዋል፤ ወደ ምድር ቤት ይውረድ።
ሁለተኛው ግራኝ ነበር ይላል፤ ፎቶው ተገልብጦበት በማተሚያው መንገድ።
ሦስተኛው ጊታር አስይዞታል።
ሌላው ሁለት ሚስት ድሮለታል፣ አንዷን እንኳ ሳያይ ለሞተ ልጅ።

በአንድ ነገር ግን ዘጠኙም ይስማማሉ፤
«በኅዳር ዘጠኝ ሌሊት፣ በዝናብ፣ ከሊንከን ሲመለስ
መኪናው ተገልብጣ» ይላሉ።
እኔም እንዲሁ አውቅ ነበር፤ ጋዜጣውን ቆርጬ አኑሬ
ሃያ ዓመት መጻሕፍት መዘንሁ፣ ያንን ሌሊት የሚዛን ድንጋይ ብዬ ቆጥሬ።

አሥረኛው ቀጭን ነበር፤ በስቴፕል የተያዘ፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣
ከዶንካስተር፣ ከአንድ ጡረተኛ መካኒክ ጋራዥ የተጓዘ።
«አሟሟቱን አላወቅሁም» ይላል፤ «የጠየቅኋቸውም አልነገሩኝ።»
ሳቅሁበት፤ ሰነፍ ብዬ ጣልሁት፤ ያኔ ማን ይጠይቀኝ?

ማክሰኞ ዕለት ኢኒድ መጣች፣ እህቱ።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤ የምርኩዟ ጎማ ያለቀ፣
የመነጽሯ ክንድ በፕላስተር የተጣበቀ።
«ስለ ወንድሜ የተጻፈውን» አለች፤ ከላይም ከታችም ሰብስቤ ደረደርሁላት፤
በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ የምሳ ሰዓት እስኪያልፍባት።

«ያምራል» አለች። «አንዱም ቃሌን አላጎደለ።»
«ቃልሽን?»
«ዝናቡን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። መኪናስ መቼ ነበረው? መንዳትስ የት ቻለ?
ሌሊቱ ጨረቃ ነበር፤ ጠብታም አልወረደ።
ጋዜጠኛው በሩን ሲመታ፣ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ፣
አልጋው ላይ ያገኘችውን፣ የጠርሙሱን ነገር እንዳይሰማ፣
አንደበቴ ቀደመኝ፤ መኪና አልሁ፣ መንገድ አልሁ፣ ዝናብ ጨመርሁበት።
ሰውየው ጻፈ። ሌላው ከእሱ ጻፈ። ሌላው ከሌላው። ኋላ እኔም አመንሁበት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ውሸትም እያደር ገጽ ይይዛል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ማውጫ ይገባል።
ከበሮ በሰው እጅ ያምራል፤ የመዝገብ ሥራም እንዲያ ነው፤
ሃያ ዓመት በሰው አመታት ስፈርድ፣ ምቱን የሳትሁት እኔው።

ምድር ቤት ወረድሁ። ቀጭኑን ፈለግሁ፣ በሳጥን፣ በካርቶን፤
የለም። በመጋቢቱ ሽያጭ በሃምሳ ፔንስ ሄዷል፤ ማን ገዝቶት ይሆን?

ስመለስ ኢኒድ የኔን እርሳስ አንስታለች።
ግራኝ የሚለውን ሰርዛ፣ «በቀኙ» ብላ ጽፋለች፤
ከሥሩ፣ በኅዳጉ፣ «የመረብ መርፌ ሲሰማ ይስቅ ነበር።»
ዝናቡን ግን አልነካችውም። ዝናቡ እንደዘነበ ነበር።

መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ማስታወቂያውን የሰቀልሁት እኔ፤
ላጲሱ በመዳፌ ሞቆ፣ ቆምሁ ዝም ብዬ ለጊዜው እኔ።
ዘጠኙ ሞቱን ጻፉ፣ ያውም ያልሞተውን፤ ምቱ ግን ይኸው፣
በተንቀጠቀጠ ፊደል፣ ከኅዳግ ላይ ነው።

ታክሲ ጠራሁላት። መዝገቡን ወደ ቦታው መለስሁ።
የምዘናው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤
«ትክክለኛነት» ከሚለው ፊት ለፊት ባለው ሳጥን ውስጥ
እርሳሴን አሳርፌ አነሳሁ።
አንዲት ነጥብ ቀረች።